ለጅብ የታሰረው ፈረስ

አንድ ባለጋሪ ሰው ነበረ።

ቁጭ በል ደምሰው፤ ጥያቄህን ሰምቻለሁ። «የወለድኳት ልጅ ለሠርጓ ሳትጠራኝ ቀረች። ሽማግሌ ሆነህ ግባና አስታርቀን፤ በአባት ወንበር ልቀመጥ። አባቷ እኔ አይደለሁም ወይ?» ነው ያልከኝ። መልስ ስላለኝ ነው ከባለጋሪው የጀመርኩት። እስክጨርስ አታቋርጠኝ።

ሰውየው የሚኖረው ቆላ ውስጥ፣ ሜዳ ላይ በተሠራች ከተማ ነው። በዚያ ከተማ ሰውም ዕቃም የሚመላለሰው በጋሪ ነበር። እሱም አንድ ፈረስ ነበረው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ስለነበረበት ቦራ ይሉታል። ቦራ ጠዋት ሲሚንቶ፣ ከሰዓት እህል፣ አመሻሽ ላይ ሰው ሲጎትት ይውላል። ሰውየው በቦራ ጉልበት ሚስት አገባ፣ በቦራ ጉልበት የሣር ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ፣ ልጆቹን አስተማረ። ይህን የምነግርህ፣ ኋላ «ድሃ ስለነበረ ነው» እንዳትለኝ ነው። ድህነት ምክንያት የሚሆንበት ነገር አለ። ይሄ ግን አይደለም።

ከጊዜ በኋላ የጋሪው ጠፍር የፈረሱን ጀርባ ላጠው። ሰውየው ቁስሉ ላይ ጆንያ ጣል አደረገበትና ማሠራቱን ቀጠለ። አንድ ቀን ከልክ በላይ ሲሚንቶ ጭኖ ድንጋይ በተነጠፈበት ቁልቁለት ሲያወርደው ፈረሱ አዳለጠውና ወደቀ። የፊት እግሩ አበጠ። የእንስሳት ሐኪም መጥቶ እግሩን ዳበሰና፣ «አልተሰበረም። ክረምቱን አሳርፈው፤ ይድናል» አለው።

«ክረምቱን ሙሉ ሥራ ፈትቶ ማን ይቀልበዋል?» አለ ሰውየው።

በዚያ ከተማ አንድ ክፉ ልማድ አለ። ፈረስ ሲያረጅ ወይም ሲያነክስ አይታከምም፤ ገድሎ የሚገላግለውም የለም። ከከተማው ውጭ ድንጋይ ሲወጣበት የነበረ ትልቅ ጉድጓድ አለ፤ ፈረሱን ወደዚያ ይነዱትና ትተውት ይመለሳሉ። የቀረውን ጅብ ይጨርሰዋል። ሲጠየቁ «ለቀቅኩት» ይላሉ። ጣልኩት የሚል አንድም ሰው የለም። ይህችን ቃል ልብ በልልኝ።

ባለጋሪውም ቦራን እዚያ ወስዶ ለቀቀው። በማግስቱ ጠዋት ሚስቱ በር ስትከፍት፣ ቦራ ግንባሩን አጥሩ ላይ አስደግፎ ቆሟል። ያን ሁሉ መንገድ በሦስት እግሩ እያነከሰ መጥቶ ነው።

«አንተ ሰው፣» አለችው ሚስቱ፣ «እንስሳው ቤቴ ብሎ መጥቷል። ስለ ፈጣሪ ብለህ ተወው።»

ሰውየው አፈረ። እፍረት ደግ ነገር ነው፤ ሰውን ይመልሳል። እሱን ግን አልመለሰውም። ጎረቤት ሲያየው እፍረቱን ወደ ንዴት ለወጠው። ገመድ አመጣና አንገቱ ላይ አግብቶ ጎተተው። ቦራም ጌታው ነውና ዝም ብሎ ተከተለው። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ የግራር ጉቶ አለ፤ እዚያ ላይ አሳጥሮ አሰረው። እንዳይመለስ ነው። ከዚያ ቤቱ ገብቶ እራቱን በላ። እራቱን መብላቱን የነገረችን ሚስቱ ናት፤ እኔ ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ሣር እያጨደች ለባለጋሪዎች የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች። በዚያ ስታልፍ ቦራን አየችው። ታውቀዋለች፤ ገበያ ላይ ከእጇ ሣር የሚነጥቃት ፈረስ ነው። ገመዱን ስታይ ሁሉም ገባት። ማጭዷን አውጥታ ገመዱን በጠሰችው፣ የተሸከመችውን ሣር ሁሉ ፊቱ ዘረገፈችለት። ከዚያ በአቅራቢያው ድንጋይ የሚፈልጡ ሰዎችን «ኑ አግዙኝ፣ ሳይመሽ ቤቴ ላድርሰው» ብላ ተጣራች።

ሰዎቹ ሳቁ። አንደኛው «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል አልሰማሽም? የፈረስ ሚስት ልትሆኚ ነው?» አላት።

«ሳቅ፣» አለችው። «አንተም ትወድቃለህ። ያን ጊዜ የሚስቅብህ አይጠፋም።»

የሳቀባት ድንጋይ ፈላጭ መዶሻውን አስቀምጦ መጣና ፈረሱን ከጎን ደገፈላት። እያረፉ፣ እየገፉ፣ ጀምበር ስትጠልቅ ደረሱ።

ማዳን ግን ቤት እንደማድረስ ቀላል አልነበረም። የጀርባው ቁስል ትል አፍርቶ ነበር። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጣት፤ ጨው ጨምራ ባፈላችው ውኃ ቁስሉን ማጠብን አስተማራት። ቦራ መጀመሪያ እህል ውኃ እንቢ አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቆም ነበር። ወንድ ሰው በበሩ ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል። ገመድ ሲያይማ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ስለዚህ ገመድ የሚባል ነገር ከግቢዋ አወጣች፤ ባዶ እጇን አንገቱ ላይ ጣል አድርጋ በድምፅዋ መምራት ለመደች።

ጎረቤት በበኩሉ «ሰው ተርቦ ሳለ ፈረስ ትቀልባለች» እያለ አማት። አንድ ቀን መልስ ሰጠች። «የተራበውን ሰው አምጡልኝ፣ ካለኝ አካፍለዋለሁ። እናንተ ግን ሰውም አታበሉ፣ ፈረስም አታበሉ፤ ሥራችሁ የሚያበላውን መሳደብ ነው።»

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ የቦራ እግር ቀና። ጀርባው ላይ ጠጉር በቀለ፣ ሰውነቱ ሞላ፣ አንገቱን ማቅናት ጀመረ። የሣር ሸክሟን በመጠኑ ይይዝላታል፤ ሲደክመው አብራው ትቆማለች። እንዲህ ሆነው ገበያ መሃል ሲያልፉ ባለጋሪው አየው።

«የኔ ፈረስ!» አለ።

በማግስቱ ምስክሮች ይዞ ደጃፏ ደረሰ። አልሰጥም አለች። ጉዳዩ ወደ ሽማግሌ መጣ። እኔም ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ነበርኩ።

ሰውየው ተነስቶ ቆመና፣ «አባቶቼ፣ ይህን ፈረስ አልሸጥኩትም፣ ለማንም አልሰጠሁትም። ጠፍቶብኝ ነበር፤ እግዜር ይመስገን ተገኘ። እሷም ደክማበታለች፤ አመሰግናታለሁ» አለ።

ስድብ ቢሰድባት ይሻለኝ ነበር። ማመስገኑ ነው ደሜን ያፈላው።

ሴትዮዋ አላለቀሰች፣ አልጮኸችም። «ፈረሱን ይውሰድ፣» አለች።

ሁላችንም ደነገጥን።

«ይውሰድ። ግን አንድ ነገር ይበል። ካሰረበት ጉቶ አጠገብ ይቁምና፣ ሰው እየሰማ፣ ‹ቦራን እዚህ የጣልኩት እኔ ነኝ፤ ቤቱ ተመልሶ ሲመጣ መልሼ አምጥቼ ለጅብ ያሰርኩት እኔ ነኝ› ይበል። ይህን ካለ በገዛ እጄ አስረክበዋለሁ። የሠራውን የሚያውቅ ሰው አይደግመውም። ‹ጠፍቶብኝ ነው› የሚል ሰው ግን ነገም ይጠፋበታል።»

ተነስተን ወደ ጉድጓዱ ሄድን። ምስክሮቹም፣ ሚስቱም፣ ወሬ የሰማው ሁሉ ተከተለን። ወደ ውስጥ ስትመለከት የፈረስ አጥንት ነው የሚታይህ፤ ገና ጠጉሩ ያልረገፈ ኮቴ ሁሉ ነበር። አብዛኛው ባለጋሪ ዓይኑን ወደ ሌላ አዞረ።

ባለጋሪው ጉቶው አጠገብ ቆመ። አፉን ከፈተ። «ያን ጊዜ ነገሩ ከብዶኝ ነበር፣» አለ።

«እሱን አይደለም የጠየቅንህ፣» አልኩት።

«ባለጋሪ ሁሉ የሚያደርገው ነው።»

«እሱንም አልጠየቅንህም።»

«ሐኪሙ አይድንም ብሎኝ ነው።»

ይህን ጊዜ ሚስቱ ከኋላ፣ «ይድናል ነው ያለህ። እኔም ሰምቻለሁ» አለች፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ።

ሰውየው ጉቶውን አየ፣ እኛን አየ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ ቃሉ አፉ ድረስ መጥቶ ነበር። ዋጠው። ከዚያ ዞር ብሎ በሰው መሃል ሰንጥቆ ሄደ። ደምሰው፣ ሰውየው ፈረሱን ያጣው ስለፈረድንበት አይደለም። ለመውሰድ እውነት መናገር ብቻ ነበረበት። እውነት ከመናገር ፈረሱን ማጣት ቀለለው።

ቦራ ከሴትዮዋ ጋር ቀረ። ባለጋሪው ሌላ ፈረስ ገዛ፤ ያም አሁን ያነክሳል ይሉኛል። ሌሎቹ ባለጋሪዎችስ ምን ያደረጉ ይመስልሃል? የደከመ ፈረሳቸውን ጉድጓዱ አፋፍ መጣል ትተው፣ ሰው ሳያያቸው ሴትዮዋ አጥር ላይ አስረው መሄድ ጀመሩ። አንድ እስር ድርቆ እንኳ አያስከትሉም። እሷ ታስገባለች፣ ታጥባለች፣ ታበላለች። የዳኑት እየተመገቡ ግቢዋ ውስጥ ይውላሉ፤ ያልዳኑትንም እጇ አንገታቸው ላይ ሆኖ ትሸኛለች። ከተማው «ደግ ሴት» ይላታል። ደግነቷን ማውራት ሸክሟን ከማገዝ ይቀላላ።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። ሰብለ እናቷ ስትሞት ሕፃን ነበረች። አክስቷ እጥፍወርቅ ቤት ወስደህ «ለጊዜው ትቆይ» ብለህ ሄድክ። ባለጋሪው «ለቀቅኩት» እንዳለው ያለ ቃል ነው። አዲስ ትዳር ይዘህ ነበር፤ አልፈርድብህም፣ ሰው ይደክማል። ግን ልጅቱ አድጋ በዩኒፎርሟ በርህ ድረስ አልመጣችም? ቤቴ ብላ፣ አባቴ ብላ አልመጣችም? በረንዳ ላይ ቆመህ ዘበኛውን «አላውቃትም በላት» ያልከው አንተ አይደለህም? ቀና በል እንጂ። ዘበኛህ ራሱ ነው የነገረኝ። ልጅቱ ስታለቅስ ማየቱ እስከ ዛሬ ይቆጨዋል፤ አንተን ያልቆጨህ እሱን ቆጨው።

እጥፍወርቅ እንጀራ እየሸጠች አሳደገቻት፣ ስትታመም አስታመመቻት፣ ሌሊት ስትባንን አቅፋ አስተኛቻት። ሰው ሲጠራት እስክትደነግጥ ድረስ የተሰበረች ልጅ ነበረች። ዛሬ ሐኪም ሆናለች፣ ልትዳር ነው። ያን ጊዜ «ልጄ» አልክ።

አባቷ ነህ ወይ? አዎ፣ ነህ። ባለጋሪውም የፈረሱ ባለቤት ነበር። ባለቤት ባይሆንማ ምን ጥፋት ነበረበት? ቦራ ተመልሶ የመጣው ወደ እሱ በር ነው። ሰብለም የመጣችው ወዳንተ በር ነው። አባትነትህን እንደ መብት ይዘኸው መጣህ፤ እኔ የማየው እንደ ክስ ነው።

ሽማግሌ ሆኜ አልገባልህም። መጀመሪያ ራስህ ሂድ። እጥፍወርቅ ባለችበት፣ ሰብለ ፊት ቁምና፣ «የተውኩሽ እኔ ነኝ። ስትመጪም አላውቃትም ያልኩ እኔ ነኝ» በል። ሌላ አትጨምርበት። ከዚያ በኋላ ሠርጓ ላይ ትጥራህ አትጥራህ የእሷ ፈንታ ነው፤ እኔም ቃል አልገባልህም። መናገር ካቃተህ ግን የሠርጉ ቀን ቤትህ ተቀመጥ፤ ደጄንም ለዚህ ጉዳይ አትርገጥ።

አፍህን ልትከፍት ነው፤ አይቻለሁ። «ያን ጊዜ ነገሩ» ልትለኝ ከሆነ መልሰህ ዝጋው። እውነቱን ልትናገር ከሆነ ደግሞ የሚነገረው ለእኔ አይደለም። ተነስና ወደ እሷ ሂድ።