ለመሣሪያው ነው የመጣሁት

አላህ ይዘንላቸውና፣ ሐጅ ጦይብ የሚባሉ አንድ አዛውንት መካኒክ ነበሩ። የኖሩባት ከተማ ጥንታዊት ናት፤ ስሟን ልተወው። ከተራራ ወገብ ላይ ተቀምጣ ቁልቁል ቆላውን የምታይ ከተማ ናት። ሐጅ ጋራዣቸውን ከመስጊዱ ግንብ ሥር ከፍተው፣ አዛን ሲሰሙ መፍቻቸውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን በናፍጣ፣ ከዚያም በሳሙና ታጥበው ወደ ሰላት የሚሄዱ ሰው ነበሩ። ደንበኛ ሲዋሻቸው እንኳ እሳቸው አይዋሹም ይባልላቸው ነበር።

የመስጊዱ ጀመዓ፣ ማለትም የሰጋጆቹ ማኅበር፣ አንድ አሮጌ ሚኒባስ ነበረው። ጀናዛ ወደ መቃብር የሚወስደው፣ በሽተኛም ቆላ ወዳለው ሆስፒታል የሚያወርደው እሱ ነው። አንድ ሐሙስ ጠዋት ሾፌሩ ኸድር መኪናውን ወደ ሐጅ ጋራዥ አመጣው። የአንዱ የኋላ ጎማ ፍሬን ዘይት እያፈሰሰ መያዝ ትቷል። በማግስቱ ደግሞ ኸድር የገዛ እናቱን፣ የኩላሊት ሕመምተኛዋን እማማ ሙነጃን፣ ለቀጠሯቸው ማድረስ ነበረበት።

ሐጅ ጎማውን አወለቁ። ፍሬኑን የሚሸፍነው ታምቡር ግን ዝጎ ከዘንጉ ጋር አንድ ሆኗል፤ እሱ ሳይወጣ ደግሞ የሚያፈሰው ቦታ አይነካም። ናፍጣ አጠጡት፣ በእሳት አሞቁት፣ ዙሪያውን በመዶሻ ቀስ እያሉ መቱት። አልነቃነቅ አለ። አጥብቀው ቢመቱት እንደሚሰነጠቅ ያውቃሉ፤ ከተሰነጠቀ ለእንዲህ ያለ አሮጌ መኪና ምትክ አይገኝም።

ኸድር ጨነቀው። የዚያን ጎማ የፍሬን ቱቦ ቆልምመው እንዲዘጉለትና በቀሩት ጎማዎች ፍሬን እንዲሄድ ለመናቸው፤ ብዙ ሾፌር እንዲህ አድርጎ እንደሚነዳም ነገራቸው። ሐጅ ቁልቁለቱን ያውቁታል። መኪናው የጀመዓው አማና፣ የተጣለባቸው አደራ መሆኑን፣ የተሳፋሪው ነፍስ ደግሞ ከዚያ የበለጠ አማና መሆኑን ገልጸው እምቢ አሉ። ኸድር አንገቱን ደፍቶ፣ ቀጠሮ ሲያልፋቸው የእናቱ ሰውነት እንደሚያብጥ ተናገረ። ያን ጊዜ ሐጅ መዶሻቸውን አስቀመጡ።

መላው ጠፍቷቸው አልነበረም። ታምቡሩን ሳይሰብር ስቦ የሚያወጣ ባለ ሦስት እግር መሳቢያ አንድ ሰው ዘንድ እንዳለ ያውቃሉ። ሰውየው ሷቢር ነው፤ በዕድሜ ከሳቸው ያንሳል፤ ቀድሞ በአንድ ጋራዥ አብረው ይሠሩ ነበር። ከዓመታት በፊት ሷቢር በመስጊዱ ግቢ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ሐጅ አሮጌ ዕቃ እየገጠሙ አዲስ ነው ይላሉ ብሎ ስማቸውን አጠፋ። ሐሰት ነበር። ሐጅ መልስ አልሰጡም፤ አብረው ከሚሠሩበት ጋራዥ ዕቃቸውን ይዘው ወጡ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ሰፍ ጎን ለጎን ቆመው ይሰግዳሉ እንጂ አይነጋገሩም። የከተማው ሰው የሐጅን ዝምታ ሰብር፣ ትዕግሥት ይለው ነበር።

የከሰዓቱን የዐስር ሰላት ሰገዱና ወደ ሷቢር ጋራዥ ሄዱ። ደጁ ላይ ተቀምጦ አገኙት።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሷቢር።»

ሰላምታውን በዝግታ መለሰ፤ ከተቀመጠበት ግን አልተነሣም። «የመጡት ለእኔ ነው ወይስ ለዕቃ?» አላቸው።

ለእርቅ መጣሁ ማለት ይቀል ነበር። ቃሉ ያማረ ነው፤ መሣሪያውንም ያስገኛል።

«ለመሣሪያው ነው የመጣሁት» አሉት ሐጅ። «ለአንተ መምጣት የነበረብኝ ድሮ ነው። አልመጣሁም። አላህ ይማረኝ።»

ሷቢር መሬት መሬት አየ። ያን ቀን የተናገረው ሐሰት መሆኑን ብዙም ሳይቆይ እንዳወቀ፣ አንድ ቀን ካናገሩት ይቅርታ እጠይቃለሁ እያለ ሲጠብቅ እንደኖረ፣ ጊዜው ሲረዝም ግን አፍሮ እንደቀረ ነገራቸው። ሐጅ ለአላህ ብለው ዐውፍ፣ ይቅር እንዳሉት ነገሩት። ሷቢር መሳቢያውን ከውስጥ አወጣ። ለሳቸው አልሰጣቸውም፤ ራሱ ተሸክሞ ተከተላቸው።

ከመኪናው ጎን ተንበርክከው፣ አንዱ መሳቢያውን ደግፎ ሌላው እያጠበቀ፣ ሳይጣደፉ ሠሩ። ፀሐይ ልትጠልቅ፣ መግሪብ ሊደርስ ሲል ታምቡሩ ጓ ብሎ ለቀቀ። የተበላውን ላስቲክ ለወጡ፣ ፍሬኑን ደጋግመው ፈተሹ። በማግስቱ ማለዳ እማማ ሙነጃ ቁልቁለቱን በደኅና ወርደው ለቀጠሯቸው ደረሱ፤ አልሐምዱሊላህ።

ከጁምዓ ሰላት በኋላ እርቁን የሰሙ ሰዎች ሐጅን ከበው፣ ያን ሁሉ ዘመን በደል በመቻላቸው አመሰገኗቸው። ሐጅ ምስጋናውን አልወደዱትም።

«ብረቱ የዛገው ዝናብ እየመታው ነው» አሉ። «እኔ ግን ጣራ ሥር ሆኜ ዛግሁ።»

ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ይህን ቃል ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ሐጅ ተበዳይ ነበሩ፤ ለምን ዘጉት ብሎ የሚጠይቃቸው አልነበረም። እሳቸው ግን ራሳቸውን ጠየቁ። ሷቢር ያን ሁሉ ዘመን የጠበቀው አንዲት ሰላምታ ነበር። ያቺ እናት ባትታመም፣ ያ ፍሬን ባያፈስ፣ ሁለቱ ሳይነጋገሩ በተቀበሩ ነበር። እውነቱ ከእኛ ጋር ነው ብለን ተደላድለን የተቀመጥን ስንቶች ነን? አላህ ሳንሞት ያስነሣን።