የጋሽ ላጲሶ የመዝጊያ ጸሎት

አንድ ቀን ልጄ ኬብሮን፣ «እማዬ፣ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ እየጸለየ ሰውን በነገር መውጋት ይችላል?» ብላ ጠየቀችኝ። ለካ ወንድሟ ማዕድ ሲባርክ፣ «ጌታ ሆይ፣ ከወጡ ሥጋ ሥጋውን መርጣ የምታወጣውን ይቅር በላት» ብሎ ኖሯል። «ኧረ ነውር ነው!» ልል አፌን ስከፍት ጋሽ ላጲሶ ትዝ አሉኝና ሳቄ ቀደመኝ።

ጋሽ ላጲሶ ሆሳዕና ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ናቸው። ከመቀሳቸው ምላሳቸው ይቆርጣል ይባልላቸዋል። ታዲያ አንድ ጊዜ የቤተ ክርስቲያናችን መጋቢ፣ መጋቢ ኤርሱሞ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ራእይ ይዘው መጡ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ «ማንም እንዳይወጣ» ተባለና በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ አሳዩን። ምዕራፍ አንድ፣ አምስት ዓመት፣ መንፈሳዊ ሙሉነት። ምዕራፍ ሁለት፣ ሌላ አምስት ዓመት፣ አገልጋዮችን ማሠልጠን። ምዕራፍ ሦስት፣ ወደ ውጭ መውጣት። እዚያ ላይ ካርታ መጣ፤ ከእኛ ደጃፍ አንድ ቀይ ቀስት ተነሣና ሱዳንን አቋርጦ ቻድ ገባ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለን። እልልም ብለናል።

ጋሽ ላጲሶ ብቻ እጃቸውን አወጡ።

«መጋቢ፣ እማማ ብርቅነሽን ማን ይጠይቃቸው?»

እማማ ብርቅነሽ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀርባ ብቻቸውን የሚኖሩ የሰማንያ ዓመት አዛውንት ናቸው። ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ አራተኛ ወራቸው ነበር። ድሮ እኛ ሴቶች ማክሰኞ ማክሰኞ በሽተኛ እንጠይቅ ነበር፤ ማክሰኞ የራእይ ሥልጠና ቀን ከሆነ ወዲህ ግን ጥየቃው ቀረ። እኔም ከቀሩት አንዷ ነኝ፣ ምን እደብቃለሁ።

መጋቢ ፈገግ አሉ። «ጋሽ ላጲሶ፣ እሱማ ምዕራፍ ሦስት ላይ ተካቷል።»

«ከአሥር ዓመት በኋላ?»

«መጀመሪያ እኛ ሙሉ እንሁን እንጂ! ጎዶሎ ሰው ምን ይዞ ይወጣል?»

«ሾርባ ይዞ ይወጣላ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። መጋቢ ግን ሳቁን አልወደዱትም። ከዚያ በኋላ ጋሽ ላጲሶ ሦስት ጊዜ እጃቸውን ቢያወጡ፣ መጋቢ ሦስቴም በላያቸው አልፈው ከኋላ ያለ ሰው አናገሩ። መጨረሻ ላይ ግን ሽማግሌ አስቀይሞ መሸኘቱ ከበዳቸው መሰለኝ፣ «እንግዲህ ጋሽ ላጲሶ በጸሎት ይዝጉልን» አሉና ማይኩን አቀበሏቸው። መጋቢም አጠገባቸው ቆመው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። አስተያየት የሚሰጥን ሰው «ሰዓት አልቋል» ብሎ ማስቀመጥ ይቻላል። የሚጸልይን ሰው ማን ያቋርጠዋል?

ጋሽ ላጲሶ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጌታ ሆይ፣ ስለ አሥራ አምስቱ ዓመት ራእይ እናመሰግንሃለን።»

«አሜን!» አልን በአንድ አፍ።

«ቀዩ ቀስት ቻድ በሰላም ይግባ።»

«አሜን!»

«ሲሄድ በእማማ ብርቅነሽ ጣሪያ ላይ እንደሚያልፍ አንተ ታውቃለህ።»

«አሜን...» ይኼኛው ትንሽ ቀጠን አለ።

«እሳቸው ጋ የምንደርሰው በአሥራ አንደኛው ዓመት ስለሆነ፣ እስከዚያ አቆይልን። ምናልባት ቀድመህ ከወሰድካቸው ግን፣ አደራህን ጌታ ሆይ፣ ‹ወገኖቼ መጥተው ጠየቁሽ ወይ?› ብለህ እንዳትጠይቃቸው። እሳቸው መዋሸት አያውቁበትም።»

ልማድ ክፉ ነው፤ «አሜን!» ብለን አረፍነው። ከሁሉም በላይ ጎልቶ የተሰማው ደግሞ ማይኩ አጠገብ የቆሙት የመጋቢ አሜን ነበር። ካሉት በኋላ ነው ምን እንዳሉ የገባቸው። አንድ ዓይናቸውን ገልጠው ጋሽ ላጲሶን አዩ። ጋሽ ላጲሶ ገና እንደ ጨፈኑ ናቸው።

ሰኞ ጠዋት አጥሚት አፍልቼ፣ በፔርሙዝ ይዤ፣ አንገቴን ደፍቼ እማማ ብርቅነሽ ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ የመጋቢ ጥቁር ጫማ ተቀምጧል። ወደ ውስጥ ብመለከት፣ መጋቢ ክራቫታቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረው ከትራስ ጋር ይታገላሉ።

«ኧረ ቀስ ይበሉ መጋቢ!» ይላሉ እማማ። «የተሰበረው ዳሌዬ ነው፣ አንገቴን እንኳ ይማሩልኝ!»

እኔም አጥሚቱን በሁለት ኩባያ ቀዳሁ።