የዘጠነኛ ክፍል ጣሪያ

በአንድ ወቅት፣ ሰንበሌጥ ሜዳ በምትባል ከተማ፣ ሰው ሁሉ ጣሪያውን የሚደብቅበት ሳምንት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየሦስት ዓመቱ ከማዘጋጃ ቤት ቀያሽ ይመጣል። ሜትሩን ዘርግቶ ቤት ይለካል፣ በልኩ የጣሪያና ግድግዳ ግብር ይተመናል። ጣሪያ የሌለው ቤት ግን «ገና በግንባታ ላይ» ተብሎ ይታለፋል። ሰንበሌጥ ሜዳዎች ታዲያ ሞኝ አይደሉም። ቀያሹ ሊመጣ ሲል ጓሮ የሚያከራዩትን ክፍል ቆርቆሮ ነቅለው ይደብቃሉ። ተከራዩ አልጋውን በላስቲክ ሸፍኖ ኮከብ ሲቆጥር ይሰነብታል። «እስቲ ሰማዩን ይለካው!» እያሉ ይስቃሉ።

በዚችው ከተማ ትምህርት ቤት ውስጥ ለዘጠነኛ ክፍል የታሰበ አንድ ክፍል አለ። ግድግዳው ከቆመ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ጣሪያ ግን የለውም። ዳይሬክተሩ ማዘጋጃ ቤት በሄዱ ቁጥር «ግብር ሲገባ» ተብለው ይመለሳሉ። ሰዉም «መንግሥት ምን እየሠራ ነው?» ይላል። ሁለቱን ነገር አገናኝቶ ያየ አልነበረም። ግድግዳው ደግሞ ጭቃ ነው፣ ሦስተኛ ክረምት አይችልም።

እዚያ ከተማ ሦስት ወንድምና እህት ነበሩ። ትልቋ እናኑ ሻይ ቤት አላት፣ ከጓሮዋም ሁለት ክፍል ታከራያለች። መካከለኛው ደርሶልኝ አናጺ ነው። ትንሿ ትርንጎ ስምንተኛን ልትጨርስ ነው። ዘጠነኛ ካልተከፈተ ሩቅ ከተማ ሄዳ ቤት ተከራይታ መማር ሊኖርባት ነው። ባለፈው ዓመት የሄዱት ሁለት ሴቶች ትምህርቱን ትተው ተመልሰዋል። እናኑም «ብቻሽን አልልክሽም፣ አለቀ!» ብላለች።

ትርንጎ ፈሪ ነበረች። ክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ ድምጿ ጉሮሮዋ ላይ ይቀራል፣ ልጆቹም «ከፍ በይ!» እያሉ ያሾፉባታል። አንድ ቀን መምህሯ የግብር ወረቀት ከየቤታችሁ አምጡ አሉ። ትርንጎ የእናኑን ይዛ ሰሌዳው ፊት ወጣች። ከጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበበች፦ ከሚሰበሰበው ከየአሥሩ ብር አራቱ ለከተማው ትምህርት ቤት ይውላል።

«ቲቸር» አለች፣ «እና ከቤታችን ላይ የምንነቅለው የዘጠነኛ ክፍልን ጣሪያ ነው ማለት ነው?»

«እስቲ ድገሚው» አሉ መምህሩ። ስላልተሰማ ሳይሆን ስላማረ ድገሚ ስትባል የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጇን ማውጣት ለመደች።

የቀያሹ ሳምንት ደረሰ። «ዘንድሮ ጓሮም ይፈትሻል» የሚል ወሬ ተወራ። ጋሽ ውብሸት የሚባሉት ጎረቤት መላ አገኙ፦ «ትምህርት ቤት ማን ይፈትሻል? እዚያ ባዶ ክፍል እንከተው!» እሑድ ዕለት ሰዉ ቆርቆሮውን እየተሸከመ አስገባ። ሰባ አራት ቆርቆሮ ተቆለለ።

እናኑ ግን አልነቀለችም። ትርንጎ ያነበበችላትን ወረቀት ሁለት ቀን ሙሉ ሻይ ስትቀዳ ስታስበው ሰንብታለች። ቀያሹ ሰኞ ሲመጣ የጓሮውን በር ራሷ ከፈተችለት። «ሁለቱንም ለካ፣ ኮርኒስ ያለውንም ጻፍ» አለችው። ለፍሪጅ ያጠራቀመችውን ብር ያንኑ ቀን ወስዳ ከፈለች። ጋሽ ውብሸት «አይ እናኑ፣ ዘንድሮም ሞቅ ያለ ለስላሳ ልታጠጪን ነው!» ብለው ቀለዱባት። በእሷ ግብር ማዘጋጃ ቤቱ ወራጅ፣ ማገርና ምስማር ገዝቶ ለትምህርት ቤቱ ላከ። ለቆርቆሮ ግን አልበቃም።

ደርሶልኝ ወራጁን እንዲያቆም ተቀጠረ። ቅዳሜ፣ ሰዉ ገበያ ሲወጣ፣ ሥራውን ጨረሰና ቁልቁል አየ። ሰባ አራት ቆርቆሮ ተኝቷል። ከላይ ሰማዩ ጠቁሯል። ማንንም አልጠየቀም። ሁለት ጓደኞቹን ጠርቶ በቀን ብርሃን ይመታው ጀመር፣ አረንጓዴውን ከዝገቱ፣ አዲሱን ከቀዳዳው ሳይለይ። «የሚጠይቀኝ ካለ መጀመሪያ ቤቱ ስንት ክፍል እንደሆነ ይንገረኝ» አለ።

አሥር ሰዓት ላይ ዝናቡ ወረደ። ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ፣ ቀያሹም ጭምር፣ ሮጦ የተጠለለው እዚያው አዲሱ ጣሪያ ሥር ነው። ሰዉ ቀና ሲል ቆርቆሮውን አወቀው። አፉን ከፈተ። ከዚያ ቀያሹን አየና አፉን ዘጋ።

«ማዘጋጃ ቤት ቆርቆሮ መቼ ላከ?» አለ ቀያሹ።

ሰዉ ወደ ውጭ ዞሮ ዝናቡን ማየት ጀመረ። ትርንጎ ግን ከኋላዋ፣ ጆሮዋ ሥር፣ የጋሽ ውብሸትን ሹክሹክታ ሰማች፦ «ሰኞ እሱ ይሂድ እንጂ፣ እስከ ማታ ነቅለን እንጨርሳለን።»

ሰኞ ከተነቀለ ግድግዳው አለቀለት። ብትናገር ደግሞ ወንድሟ ሌባ ሊባል ነው። አግዳሚ ወንበር ላይ ወጣች። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለሆነ በቀስታ መናገር አይቻልም፣ መጮኽ ነበረባት።

«ቆርቆሮው የናንተ ነው!» አለች። «ወንድሜ ሳያስፈቅድ ነው የመታው!»

«ትርንጎ፣ ውረጂ!» አለ ደርሶልኝ። እናኑ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«አልወርድም! ጋሽ ውብሸት፣ ሰኞ አይንቀሉት። አሁን ይንቀሉት፣ ቀያሹ እያዩ። ካልሆነ ይቅርና ቤትዎን ያስለኩ። የእትዬ እናኑ ሁለት ክፍል ይሄን ሁሉ እንጨት ገዛ። የሁላችሁ ቢለካ በየዓመቱ ስንት ክፍል እንደሚሆን እኔ ደምሬዋለሁ፣ አሳያችኋለሁ!»

ከዚያ እማማ ጌጤነሽ፣ ባቄላ ሻጯ፣ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ። «አረንጓዴዎቹ ሰባቱ የኔ ናቸው። ይቅሩ። አንተ ልጅ፣ ሲያባራ መጥተህ ቤቴን ለካው።» አንዱ ተከተለ፣ ሌላው ተከተለ። በመጨረሻ ጋሽ ውብሸት ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ዝገቱ የኔ ነው» ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ።

ደርሶልኝ ለየቆርቆሮው ባለቤት አንድ አንድ ቀን በነጻ እንዲሠራ ሽማግሌ ፈረደበት። ክረምቱን ሙሉ ሠራ። ትርንጎንም እስከ ነሐሴ አላናገራትም።

መስከረም ላይ ዘጠነኛ ክፍል ተከፈተ። በከተማው ደንብ የትምህርት ቤት ክፍል ለፍጻሜ ያበቃ ሰው ስሙ ከበሩ በላይ ይጻፋል፣ አንድ ሰው ብቻ። ቀለም ቀቢው መሰላል ላይ ወጥቶ «የማንን ልጻፍ?» አለ። ክርክር ተነሳ።

«የእናኑን!» አሉ እማማ ጌጤነሽ። «ከገዛ ኪሷ፣ ማንም ሳያስገድዳት የከፈለች እሷ ናት።» ሌላው «በእንጨት ብቻ ዝናብ ይቆማል እንዴ?» አለ።

«የደርሶልኝን!» አሉ ወጣቶቹ። «እሱ ባይመታው ግድግዳው ዛሬ የጭቃ ክምር ነበር።» «በሰው ቆርቆሮ!» አሉ ጋሽ ውብሸት። «በተደበቀ ቆርቆሮ» ብለው መለሱላቸው።

«የትርንጎን!» አሉ መምህሩ። «ጣሪያው ሰኞን ያለፈው በእሷ ቃል ነው፣ ሰዉም ግብሩ የት እንደሚውል ያወቀው በእሷ ነው።» ከጥግ አንዷ «አንድ ምስማር ያላዋጣች፣ ወንድሟን ያጋለጠች» ብላ አጉረመረመች።

ዳይሬክተሩ ክፍሉ ውስጥ ወደተቀመጠችው ትርንጎ ዞሩ። «አንቺ ምን ትያለሽ?»

ትርንጎ ተነሳች። ድምጿ አልጠፋም፣ ፍርሃቱም እንደ ድሮው አይደለም። በመስኮት እህቷን አየች፣ ፍሪጅ የሌላትን። ወንድሟን አየች፣ እጁ በመዶሻ የቆሰለውን። ከዚያ ቀና ብላ አረንጓዴውንና ዝገቱን አየች። የምትለው ጠፋት።

ቀቢው እስካሁን መሰላሉ ላይ ነው፣ ቀለሙ እየደረቀበት። እናንተ ብትሆኑ የማንን ስም ታስጽፉ ነበር?