ከአንድ ስልቻ የወጡ ማኅተሞች

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ሚስቱ ታመመችበት። ትኩሳቱ ጠንቶባት ውሃ እንኳ አልወርድ ሲላት፣ ከወንዙ ማዶ ወዳለ ስመ ጥር መድኃኒት ዐዋቂ መልእክት ላከ። በማግስቱ አንድ መንገደኛ አፉ በሰም የታሸገ ቅል ከስልቻው አውጥቶ ሰጠው። ሰሙ ላይ ማኅተም አለ።

ገበሬው የመድኃኒት ዐዋቂውን ማኅተም አይቶ አያውቅም። «የሱ ለመሆኑ በምን ዐውቃለሁ?» አለ።

መንገደኛው ከዚያው ስልቻ ማኅተም ያለበት ሌላ ቁራጭ ሰም አወጣ። «እንድታመሳክርበት ይኸው፤ ከቅሉ ጋር ነው የተሰጠኝ።»

ቢያስተያየው አንድ ነው፤ ክንፏን የዘረጋች ወፍ። ልቡ ዐረፈ። ሰሙን ሊሰብር ቢላዋ ካነሣ በኋላ ግን እጁ ቆመ። ቅሉን ያመጣው ስልቻ ቁራጩንም አምጥቷል። ቅሉን የለወጠ ሰው ካለ፣ ቁራጩን መለወጥ ምን ያቅተዋል?

«ምን ትጠብቃለህ? እየተቃጠልኩ እኮ ነው» አለች ሚስቱ ከመደቡ ላይ።

«ትንሽ ታገሺኝ» ብሏት ቅሉን ይዞ ወጣ።

ዳገቱ ላይ አምና በዚያው መድኃኒት ዐዋቂ የዳነች አንዲት መበለት ነበረች፤ ማኅተሙን ከገዛ እጁ ተቀብላ አኑራዋለች። ገበሬው ሲወጣ የሚስቱ ማቃሰት ጆሮው ላይ ነበር፤ ልመለስ ልመለስ አሰኘው። ደርሶ ቢያይ የመበለቲቱ ወፍ ክንፏ የታጠፈ ነው።

ከዚያው ወንዙን ተሻገረ። መድኃኒት ዐዋቂው ቅሉን ከፍቶ አሸተተና ፊቱ ተለወጠ። «ይህ የኔ አይደለም። ጠጥታው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ትቀብራት ነበር» አለ። መንገደኛው ባደረበት ቤት ስልቻውን ትቶ ወጣ ብሎ ኖሯል፤ ውዱን መድኃኒት የተመኘ ሌባ ቅሉንም ቁራጩንም ለወጠበት። መንገደኛውም ተታለለ እንጂ ክፉ ሰው አልነበረም። የገበሬው ሚስት በእውነተኛው መድኃኒት ቀስ በቀስ ዳነች።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልመለስ፣ ረድኤት። «ፕሮግራሙን አወረድኩ፤ ዲጂታል ፊርማውም እዚያው ባወረድኩበት ድረ ገጽ ላይ ካገኘሁት ማረጋገጫ ቁልፍ ጋር ገጠመ፤ ታዲያ በጤና ጣቢያው ኮምፒውተሮች ላይ ልጫነው?» ብለሽኛል። ገጹ ስልቻው ነው፤ ቁልፉም ቁራጩ ሰም። ገጹን ሰብሮ የገባ ሰው ፋይሉንም ፊርማውንም ቁልፉንም ለውጦ ያስቀምጥልሻል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ይገጥማል። ስለዚህ ቁልፉን አስቀድሞ ከሠሪዎቹ ከተቀበለ ሰው፣ በሌላ መንገድ አግኝተሽ አመሳክሪ። ቢገጥም እንኳ የሚነግርሽ ከማን እጅ እንደወጣና መንገድ ላይ እንዳልተነካ ብቻ ነው፤ ያ እጅ የታመነ መሆኑን መመርመር ያንቺ ፈንታ ነው። ሥራው አስቸኳይ ነው እንደምትዪ ዐውቃለሁ። የገበሬው ሚስትም ታቃስት ነበር።