የነውር ዙር

ምስጋና ጮክ ተብሎ የተነገረውንም ተውጦ የቀረውንም እኩል ለሚሰማው ጌታ ይሁን።

ስሟ ለታሪኩ በማያስፈልግ አንዲት ጥንታዊ ከተማ ውስጥ፣ ከመስጊዱ ቁልቁል ባለው ሜዳ ላይ በየሰኞው ሐራጅ ይጠራ ነበር። ሜዳው ወርዶ ወርዶ ወንዝ ዳር ያበቃል። ሐራጁን የሚጠሩት ሐጂ ሚስባሕ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። የሟች ንብረት ለወራሾች ሲከፋፈል፣ መንገደኛ ከብቱን ሲሸጥ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው የሚፈልገው የእሳቸውን ድምፅ ነበር።

የዚያች ከተማ ሐራጅ አንድ ልማድ ነበረው። ሐራጅ ባዩ የሚሸጠውን ይዞ በከበበው ሰው መካከል ሦስት ጊዜ ይዞራል። በመጀመሪያው ዙር ዋጋ አይነሳም፤ የሚጠራው ስብራቱ፣ እርጅናው፣ ክፉ አመሉ ብቻ ነው። ይህን «የነውር ዙር» ይሉታል። ዋጋ በሁለተኛው ይጠራል፣ በሦስተኛው «አላህ ይባርክላችሁ» ተብሎ ይዘጋል። ሐጂ ሚስባሕ በዚህ ላይ የራሳቸውን ሕግ ጨምረው ነበር። ነውር የሚጠራበት ድምፅ ዋጋ ከሚጠራበት ድምፅ በምንም ማነስ የለበትም ይሉ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የዕቃን ነውር ደብቆ መሸጥን መከልከላቸውን የማያውቅ በከተማዋ አልነበረም። የድምፅን መጠን የሚለካ ግን ከሐጂ ሚስባሕ በቀር አልነበረም።

ዕድሜያቸው ሲገፋ ኸይረዲን የሚባል የሠላሳ ዓመት ሸማኔ ሙያውን ሊማር መጣ። አዛን ሲል ሰው ሥራውን አቁሞ የሚያዳምጠው፣ ድምፀ መልካም ሰው ነበር። በሁለት ወር ሐራጅ ባይ የሚሆን መስሎት ነበር። ሦስት ዓመት ፈጀበት።

በመጀመሪያው ዓመት አፉን እንዲከፍት እንኳ አልተፈቀደለትም። አንድ ቀን ሐጂ አንድ ገንቦ አቀበሉት።

«ነውሩን ፈልግ።»

ኸይረዲን አገላበጠው፣ በጣቱ መታ መታ አደረገው፣ ጆሮውን ደቀነበት። «ምንም የለውም ሐጂ።»

«ውሃ ሞልተህ አሳድረውና ነገ ንገረኝ።»

በማግስቱ ገንቦው አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም። ውሃው ግን ዘይት ዘይት ይል ነበር።

«ዘይት ሲቀመጥበት የኖረ ነው» አሉ ሐጂ። «ለዘይት ነጋዴ ጥሩ ገንቦ ነው። ውሃ ለሚቀዳበት ግን ነውር አለው። ስለዚህ ነውርን ዕቃው ላይ ብቻ አትፈልግ። የገዢው ቤት ድረስ ሄደህ ፈልገው።»

ሁለተኛው ዓመት የድምፅ ነበር። ኸይረዲን ወንዙን ተሻግሮ ከማዶ ይጠራል፣ ሐጂ መስጊዱ ደጃፍ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ያልሰሙት እንደሆነ ነጭ ጨርቅ ያወዛውዛሉ፤ ያን ጊዜ ይደግማል። አንድ ረፋድ ላይ «ይነክሳል! ይነክሳል!» እያለ ሲጮህ እንጨት የተሸከሙ አንዲት ሴት ዳገቱ ላይ ቆመው ቀሩ።

«ማን ነው የሚነክሰው ልጄ? ልመለስ እንዴ?»

«የለም እናቴ፣ ይለፉ! እየተማርኩ ነው!»

«ዘንድሮ ደግሞ መናከስም ትምህርት ሆነ!» ብለው ሴትዮዋ እየሳቁ አለፉ። ይህች ቀልድ ከተማውን ሁሉ ዞረች። ለብዙ ጊዜ ኸይረዲንን ያየ ሁሉ «ዛሬስ ነከስክ?» ይለው ነበር።

በሦስተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ሰዕዲያ የምትባል ሴት የሟች ባሏን በቅሎ ይዛ መጣች። አራት የቲሞች ነበሯት። ሁሉንም አስከትላ ነበር፤ የምትተዋቸው ቤተ ዘመድ አልነበራትምና።

«ሐጂ፣ ያለውን ልናገር» አለች። «አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ጆሮዋን እንደምታዩት ነው። ደግሞ ውሃ ትፈራለች። ወንዝ ሆዷን ሲነካት የተቀመጠባትን ሰው ትጥላለች። ባሌ ሁልጊዜ በድልድዩ ዞሮ ነበር የሚሄድባት።» ከዚያ ልጆቿን አየች።

ሐጂ ሚስባሕ ያን ሰሞን ደረታቸውን ያማቸው ነበር። የበቅሎዋን ገመድ ለኸይረዲን ሰጡት።

«ዛሬ ብቻህን ጥራ። በአማን ከዘጋኸው ዘንጌን ትወስዳለህ።»

ሐራጅ ባይ ያለ ዘንግ አይጠራም፤ ዘንግ የያዘም ከዚያ በኋላ ተማሪ አይባልም። ኸይረዲን ወደ መሐል ገባ፤ ጥሪውን ለመጀመር ግን ዘገየ። ቡሽራ የሚባለው ቆዳ ነጋዴ ከፊት ሆኖ ጮኸ።

«ሸማኔው! ድምፅህን በክር አስረኸዋል እንዴ? ፍታው እንጂ!»

ሰው ሳቀ። ኸይረዲንም ፈታው።

«ዕድሜዋ አሥራ አንድ!» አለ፤ ድምፁ ወንዙን ተሻግሮ ተመለሰ። «የግራ ጆሮዋ የተሰነጠቀ!» ዞሮ ዞሮ የሰዕዲያ ልጆች ከተቀመጡበት ማዕዘን ደረሰ። ትንሿ ልጅ የበቅሎዋን ጭራ ለመጨረሻ ጊዜ ልትነካ እጇን ዘረጋች። ኸይረዲን «ውሃ ትፈራለች» አለ። አለ እንጂ አልጠራም። ቃሉ ከከንፈሩ እምብዛም አልራቀም። ወዲያው ገመዱን ሳብ አድርጎ «ዋጋ!» ብሎ ጮኸ።

ሐጂ ሚስባሕ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ሰሙት። ነውሩን አስቀድመው ባያውቁት ኖሮ እሳቸውም ባልሰሙት ነበር። አስተማሪ በተማሪው ላይ አንዲት ቃል አለችው፤ «ይደገም» ካለ ዙሩ ከመነሻው ይጀመራል። ሐጂ ያቺን ቃል ሊሏት አፋቸውን ከፈቱ። ሰዕዲያን አዩ፤ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ቆማለች። አራቱን ልጆች አዩ። አፋቸውን ዘጉ።

በቅሎዋን በሃያ ሁለት ብር የገዙት ከኋላ ቆመው የነበሩ ይማም የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። ዘንጉ ተሰጠ። ሰው ኸይረዲንን «ማሻአላህ! ማሻአላህ!» እያለ ከበበው። ይማም ገመዱን ሊቀበሉ ቀረብ አሉ።

«አላህ ድምፅህን ይባርከው የኔ ልጅ። እስከ ዛሬ ጉልበቴን ይዤ ነበር ያንን ወንዝ የምሻገረው። ዛሬ ግን እግሬን ሳላረጥብ ከዐስር ሶላት በፊት ቤቴ ልገባ ነው።»

ኸይረዲን ገመዱን እንደያዘ ቆመ። አንድ እጁ ላይ ገመድ፣ አንድ እጁ ላይ ዘንግ ነበር።

«በርጋታ ይሂዱ አባቴ» አለና ገመዱን ለቀቀ።

የይማም ጀናዛ በማግስቱ ጠዋት ከወንዙ ታች፣ ከድንጋዮች መካከል ተገኘ። በቅሎዋ ግን ምንም አልሆነችም። በወዲህኛው ዳር ቆማ ሣር ትግጥ ነበር።

የተጠራጠረ ሰው አልነበረም። ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ በክረምት ወንዝ ሰው ይወስዳል። ሐጂ ሚስባሕ ለቅሶ ሲደርሱ የይማም ልጅ መሬማ ተነስታ እጃቸውን ሳመች። ጭራሽ እሷው አጽናናቻቸው።

«አይዘኑ ሐጂ፣ አጀሉ፣ የተጻፈለት ቀን ደርሶ ነው። አባቴ በመጨረሻ ቀኑ እንኳን ደስ ብሎት ዋለ።»

ሐጂ ሳይቀመጡ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

በዚያው ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ኸይረዲን ቤታቸው መጣ። ዘንጉን ይዞት አልነበረም።

«ሐጂ፣ ሰዉ ሁሉ አጀሉ ነው ብሏል» አለ፤ ቀና ብሎ ሳያይ። «ብንናገር አይመለሱ። ሰዕዲያም ያገኘችው ብር በልጆቹ ሆድ ገብቷል። ለማን ይጠቅማል?»



«አጀሉ የአላህ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ዝምታው ግን የእኔ ነው። የእኔን ወስጄ ለአላህ ልሰጥ አልችልም።»

«የእርስዎ ምን ዝምታ አለ? የዋጥኩት እኔ ነኝ።»

«አንተ ስትውጥ እኔ ሰማሁ። ሠላሳ ዓመት ያሠለጠንኩት ጆሮ ነው፤ ሰማሁ።»

ኸይረዲን ይህን ያን ጊዜ ነበር ያወቀው። ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ አለቀሰ። ሐጂ እንዲናገርም እንዲደብቅም አላዘዙትም።

በሚቀጥለው ሰኞ ሐጂ ሚስባሕ መሬማን ወደ ገበያው አስጠሯት። ሰው ክብ ሠርቶ ሲቆም ባዶ እጃቸውን ወደ መሐል ገቡ። የሚሸጥ ዕቃም ከብትም አልነበረም።

«ሐራጅ!» አሉ።

«ሐጂ፣ ራስዎን ሊሸጡ ነው እንዴ?» አለ ቡሽራ። «አንድ ብር እላለሁ!»

ሰው ሳቀ። ሐጂ አልሳቁም፣ መዞር ጀመሩ። ያን ጊዜ ሁሉም የነውር ዙር መሆኑን አወቀ፤ ሳቁም ከፊት ወደ ኋላ እየጠፋ ሄደ።

«ይህ ሽማግሌ ነውር አለበት!» አሉ፤ የታመመ ደረታቸው እየተርገበገበ። «ሰዕዲያ ነውሩን አልደበቀችም፣ ለእኔ ነግራኛለች፣ በእሷ ላይ ምንም የለም! የይማም በቅሎ ውሃ ትፈራ ነበር! ለእናንተ ሳይሰማ ሲቀር እኔ ሰምቻለሁ! ይደገም ማለት ነበረብኝ! ሰምቼ ዝም አልኩ!» በየማዕዘኑ እየቆሙ ደገሙት፤ አንድም ሰው «አልሰማሁም» እንዳይል። የኸይረዲንን ስም አላነሱም።

ሁለተኛውን ማዕዘን ሲያልፉ ሸማኔው ከሰው መሐል ወጥቶ ከኋላቸው መሄድ ጀመረ።

«የዋጥኩት እኔ ነኝ!» አለ። «ወንዝ እንደሚሻገሩ ነግረውኝ ገመዱን የለቀቅሁት እኔ ነኝ!»

ዙሩ መሬማ ፊት አበቃ። ገበያው ሁሉ የእሷን አፍ ጠበቀ።

«አባቴ ቢሰማ ኖሮ በድልድዩ ይዞር ነበር» አለች። ድምፅዋ ዝቅተኛ ነበር። «ለአላህ ብዬ ዐፉ ብያለሁ፣ ይቅር ብያችኋለሁ። ድምፃችሁን ግን መስማት አልችልም። ሁለታችሁም እኔ በምሰማበት አትጥሩ።»

ነጠላዋን ሰብስባ ሄደች።

ቃዲው ጉዳዩን ሰምተው ሐጂ ሚስባሕን እንደ ገዳይ እንደማይቆጥሯቸው ነገሯቸው። ሐጂ ግን በስህተት ነፍስ ያጠፋ ሰው እንደሚጾመው ሁለት ወር በተከታታይ ጾሙ። በቅሎዋን መሬማ ልታያት ስላልፈለገች ወስደው ጓሯቸው አሰሯት፤ ጭነትም ኮርቻም ዳግመኛ አልጫኑባትም። ከጾሙ በኋላ ሰውነታቸው ሊመለስ አልቻለም። አልጋ ያዙ።

ሜዳው ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀር ሐራጅ ባይ አልነበረውም። ኸይረዲን ወደ ሽመናው ተመልሶ ነበር። የሟች ንብረት ለመሸጥ የሚመጡ ሰዎች ከሩቅ አገር በመጡ ደላሎች እጅ ወደቁ። እነሱ የነውር ዙር አያውቁም፤ ለመግዛት የማይፈልግ ሰው አቁመው ዋጋ ያስጨምራሉ፤ ጭማሪውንም ከሻጩ ደብቀው ይወስዳሉ። ከተጎዱት አንዷ የመሬማ ጎረቤት፣ ባሏ በቅርቡ የሞተባት ሴት ነበረች። መሬማ ይህን ካየች በኋላ አንድ ማለዳ ወንዙን ተሻግራ ኸይረዲን ደጃፍ ቆመች።

«ጥራ» አለችው።

ኸይረዲን መወርወሪያውን ከእጁ ጣለ። «ድምፅህን አልሰማም ብለሽኝ ነበር።»

«አሁንም አልወደውም። ግን ልሰማው እፈልጋለሁ። በየሰኞው፣ ምንም ነገር ከመሸጥህ በፊት፣ ወንዙ ዳር ወርደህ ያቺን የዋጥካትን ቃል ጥራ። ዋጋ በምትጠራበት ድምፅ። ማዶ ቤቴ ሆኜ ካልሰማሁ ሐራጁን አትክፈት።»

በሚቀጥለው ሰኞ ኸይረዲን ዘንጉን ይዞ ወንዙ ዳር ወረደ። 

«ውሃ ትፈራለች!»

ከማዶ ነጭ ነጠላ ተወዛወዘ። አልተሰማም ማለት ነበር። ምናልባት ተሰምቶ ይሆናል፣ አላህ ያውቃል። ደገመው። ነጠላው እንደገና ተወዛወዘ። በሦስተኛው ድምፁ ተሰነጠቀ፤ የሚያምረው ድምፅ ያን ቀን ተሰብሮ ከዚያ ወዲህ ጎርናና ሆኖ ቀረ። ነጠላው ወረደ።

ሐጂ ሚስባሕ ከአልጋቸው ሆነው ሦስቱንም ሰምተዋል። ማታ ላይ ኸይረዲን ገብቶ ከአጠገባቸው ሲቀመጥ እጁን ያዙት።

«ከኋላ ላለው ሰው ደረሰ» አሉ። ከዚያም፦ «ነውርን መደበቅ ክፉ ነው። በሹክሹክታ መናገር ግን ይብሳል፤ ተናግሬያለሁ ብሎ ልብን ያስተኛልና።»

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። አላህ ይዘንላቸው።

ይህን ቃል መጀመሪያ ስሰማው ይበልጥ የሚከፋው ውሸት ነው ብዬ በልቤ ተከራክሬ ነበር። በኋላ ራሴን መረመርኩ። ስንዋሽ መዋሸታችንን እናውቃለን፤ ለተውባ፣ ለንስሐ የሚቀሰቅሰን ነገር በውስጣችን ይቀራል። ስናንሾካሹክ ግን እውነቱን ከአፋችን አውጥተናልና ምስክር ያለን ይመስለናል። በውሉ ግርጌ በደቂቅ ፊደል ጽፈን «ተጽፏል እኮ» እንላለን። ለትዳር የመጣን ሰው ሕመማችንን በወሬ መሐል ጣል አድርገንለት «ነግሬው ነበር» እንላለን። ኸይረዲንም ያን ሰኞ ቢጠየቅ «ጠርቻለሁ» ማለት ይችል ነበር፤ አልዋሸምም። ደግሞ ያደረገው ከስስት አልነበረም፣ ከርኅራኄ ነበር። የሚያስለቅሰኝም ይኸው ነው። ርኅራኄው ከፊቱ የተቀመጡትን አራቱን የቲሞች አየ፤ ከኋላ የቆሙትን ሽማግሌ ግን አላየም።

በዚያች ከተማ ሰኞ ሰኞ ከወንዙ ዳር አንድ ጎርናና ድምፅ ይሰማ ነበር ይባላል። እንግዳ የሆነ መንገደኛ ቆም ብሎ «ማን ናት ውሃ የምትፈራው? የታለች?» ብሎ ይጠይቃል። በቅሎ አያይም። የከተማው ሰው አይስቅም፤ ዝም ብሎ ወደ ማዶ ያያል፣ ነጠላው እስኪወርድ።