የስንዱ ቧንቧና የአስር አለቃው ውክልና

ጆሮ አውሱኝ፣ ወሬ ላውሳችሁ።

ስንዱ የምትባል የወታደር ሚስት ነበረች። መውለጃዋ ቀርቦም ውሃ የምትቀዳው ከወንዝ ነው፤ ጀሪካኑ ወገቧን ፈጀው። ምኞቷ አንድ ብቻ ነበር፦ በግቢዋ ቧንቧ። የውሃው መስመር በደጇ ሲያልፍ ጊዜ እልል ብላ ወደ ውሃ ቢሮ ሄደች።

የቢሮው ሰው መዝገቡን ሲያይ ቤቱ በባሏ በአስር አለቃ ይመኑ ስም ነው። ወይ እሱ ይምጣ፣ ወይ ይወክልሽ አላት። ይመኑ ደግሞ ያለው ጠረፍ ነው።

ቧንቧው ውክልና ይሻል።

ውክልና ወደሚያጸድቁት ዘንድ ሄደች። እነሱም ይመኑ የፈረመበት፣ የጦር ክፍሉ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይምጣልን አሉ።

ቧንቧው ውክልና ይሻል፣ ውክልናው ፊርማ ይሻል።

ለአዛዡ ለሻምበል ደርበው ደወለች። ማኅተሙስ በእጄ ነው፣ ይመኑ ግን ተራራ ላይ ጥበቃ ነው፣ ተተኪ ካልወጣለት አይወርድም አሏት።

ቧንቧው ውክልና ይሻል፣ ውክልናው ፊርማ ይሻል፣ ፊርማው ይመኑን ይሻል፣ ይመኑ ተተኪ ይሻል።

«ታዲያ ተተኪው ምን ይሻል፣ ጌታዬ?»

«የእናቱን ድምፅ» አሉ ሻምበሉ። «ጎሹ ይባላል። እናቱ ታመው ስልካቸው አልነሳ አለ። ተራራው ላይ ኔትወርክ የለም፤ ድምፃቸውን ሳይሰማ ላወጣው አልጨከንኩም። ወይዘሮ ዘነቡ ናቸው፣ እዚያው አንቺ ከተማ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ።»

ስንዱ ነጠላዋን አጣፍታ ሆዷን ደግፋ ገሰገሰች። ወይዘሮ ዘነቡ ትኩሳቱ ለቋቸው ደጃፋቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ፤ ስልካቸው ለካ ተበላሽቶ ኖሯል። ስንዱ በራሷ ስልክ ለሻምበሉ ደውላ፣ ጎሹን አስጠርታ አቀበለቻቸው።

«ጎሹዬ፣ አለሁ። ድኛለሁ ልጄ።»

በወዲያ በኩል አንድ ጎረምሳ ሲስቅም ሲያለቅስም ተሰማ።

እናት ድምፅ ሰጠች፣ ጎሹ ተራራ ወጣ፣ ይመኑ ወረደ፣ ይመኑ ፈረመ፣ ሻምበሉ ማኅተም መታ፣ ወረቀቱ በመኪና ገሰገሰ፣ ውክልናው ጸደቀ፣ ቧንቧው ተዘረጋ!

ሲከፈት መጀመሪያ ሳል ሳል አለ፣ ከዚያ ተንዶለዶለ። ስንዱ ስልኳን ወደ ውሃው አስጠጋች።

«ይሰማሃል፣ ይሜ?»

«ይሰማኛል» አላት። «በይ አሁን ቁጭ በይ።»

ቁጭ አለች። ቧንቧውን ሊያዩላት የመጡት ወይዘሮ ዘነቡ ባልዲውን ሞሉላት።

ወሬዬን ውሰዱ፣ ከስንዱም ደጅ ቅዱ።