የኤሊና ያልታጠበው ቅል
ተረቴ ደጅ ቆማለች፤ «ግቢ» በሏት።

ድሮ ድሮ፣ አውሬም ዕቃም በሚነጋገርበት ዘመን፣ አንድ የተከበረ ዘበኛ ነበር። ዘበኛው እኔ ኤሊ ነኝ። የተከበረ ያልኩትም እኔው ነኝ።

የምጠብቀው ዋሻ ነበር። እናቶች ልጃቸውን ሲደብቁ የቦታውን ምልክት እኔ ዘንድ ያስቀምጣሉ፤ እናት ብትሞት ዘመዶቿ ልጇን ፈልገው እንዲያሳድጉ ነው። ጨውም እዚያው ነበር። ከእኔ በቀር ማንም አይገባም፤ ጨው የፈለገ በበሩ ቀዳዳ ይጠይቃል፣ እኔም በቅል አወጣለታለሁ። በሩ ትልቅ ቋጥኝ ነው። በቋጥኜ እኮራ ነበር።

ቅሌ ግን አንድ ብቻ ነው። ምልክት የማኖረው በእሱ፣ ጨው የምሰጠውም በእሱ። ጠያቂ ሲመጣ ምልክቱን መሬት ላይ ዘርግፌ በቅሉ ጨው እጨምራለሁ፤ ቅሉ ሲመለስልኝ ምልክቱን መልሼ አኖርበታለሁ። ላጥበው እንዳልል ውኃው ሩቅ ነው፣ እግሬም አጭር።

ያን ሰሞን በቅሉ የነበረው የእመት ሚዳቋ ምልክት ነው፦ ቀይ አፈር፣ የሾላ ቅጠልና የግልገሏ ጸጉር።

አያ ቀበሮ መጣ። ቀበሮ ግልገል እንደሚወድ ከእኔ በቀር ሁሉም ያስታውሳል። ቁንጥር ጨው በትልቁ ቅል አድርገህ ስጠኝ አለኝ። ቁንጥር ጨው በትልቅ ቅል! ምን ዓይነት ሞኝ ነው ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ። ዘርግፌ ሰጠሁት። የቅሉን ውስጥ ላስ ላስ አድርጎ ሄደ።

ቅሉ ሲመለስ «ኤሊ፣ እጠበኝ፤ ውስጤ ቀይ አፈር ቀርቶ ነበር» አለኝ።

«በሩ ዝግ ነው» አልኩት።

በማግስቱ ቀበሮ መጣ። ቁንጥር ጨው ጠየቀ፣ ዘርግፌ ሰጠሁት፣ ላስ አድርጎ ሄደ።

«ኤሊ፣ እጠበኝ፤ የሾላ ቅጠል ተጣብቆብኝ ነበር።»

«በሩ ዝግ ነው።»

በሦስተኛው ቀንም መጣ። ዘርግፌ ሰጠሁት። አሁን ግን ጨውን አልነካም፤ ከቅሉ ውስጥ ጸጉር አንስቶ አሸተተና እንዳንተ ያለ ዘበኛ አላየሁም ብሎኝ በሩጫ ሄደ። ስለተመሰገንኩ ደስ አለኝ።

ወዲያው እመት ሚዳቋ ጨው ፈልጋ መጣች። በዚያው ባልታጠበ ቅል ሰጠኋት። ጠጋ ብላ ስታሸት የቀበሮ ምራቅ ሸተታት። ምን ሆነህ ነው ብላ ቅሉን ጠየቀችው። ቅሉም አፈሩን፣ ቅጠሉንና ጸጉሩን ቀበሮ አንድ በአንድ እንዳየ ነገራት። እሷም ወደ ልጇ በረረች።

እኔም በሩን ከፍቼ ተከተልኳት። የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ነው።

ቀይ አፈር ያለበት ሸለቆ ውስጥ፣ ከሾላው ሥር፣ እናት ልጇን አቅፋ አገኘኋት። ሚዳቋና ቀበሮ እኩል ነበር የደረሱት። ግልገሏ አመለጠች፤ ጅራቷ ግን ከቀበሮ አፍ ቀረ።

«በሩ እኮ አልተከፈተም» አልኳት።

«አያ ኤሊ፣ አንተ በሩን ስትጠብቅ ልጄን በቅል አወጣሃት» አለችኝ።

አንገቴን ወደ ውስጥ አስገባሁ።

ዛሬም ሰው ሲያየኝ አንገቴን አስገባለሁ። ፈሪ ነው ይሉኛል። ፈርቼ አይደለም፤ አፍሬ ነው።

በር ዘጋሁ ብሎ የሚኮራ፣ አስቀድሞ ቅሉን ይጠብ። ተረቴን መልሱልኝ፤ ግን አጥባችሁ።